ለሁለት ሰው የታሰበ ጉዞ

ኃይለገብርኤል በዕድሜው ብዙ አገር አይቷል፤ ሁሉንም ያየው ግን በአውቶብስ የፊት መስታወት ነው።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ማኅበራችን ጉዞ ሲያስብ አስተባባሪው እሱ ነው። ግሸን ቢባል፣ ኩሉቢ ቢባል፣ ዝቋላ ቢባል፣ ከሹፌሩ ከሚልዮን ጎን ጋቢና ውስጥ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ፊሽካው አንዴ ከተነፋ ውረዱ ነው፤ ሁለቴ ከተነፋ ተሳፈሩ ነው፤ ደጋግሞ ከተነፋ የጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ሰው ቀድሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ በመጨረሻ የሚጠበቀው፣ ሰው ሊፈልግ የወረደው ኃይለገብርኤል ራሱ ነው።

ባለቤቱ ሙሉመቤት ከኋላ ትቀመጣለች፣ ከድስቶቹ ጋር። እዚያ ተቀመጪ ያላት ሰው የለም። ድስት ጠባቂ ያስፈልጋል፤ የአስተባባሪ ሚስት ደግሞ እምቢ አትልም። ከጎኗ የምትቀመጠው የእኔ ባለቤት ወርቄ ነበረች። ሁለቱ ገና ከከተማ ሳንወጣ መሳቅ ይጀምሩና እስክንደርስ ይስቃሉ። ስለምን እንደሚስቁ ለእኛ ተነግሮን አያውቅም። ወርቄ ካረፈች ወዲህ ሙሉመቤት በዚያ ወንበር ላይ የዳቦውን ዘንቢል ታስቀምጣለች። ሰው ቆሞ በሚሄድበት ቀን እንኳ ዘንቢሉን ያነሳ የለም።

ኃይለገብርኤል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኡራኤል አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን የዓመት ፈቃድ ሲያስፈጽም ኖሯል። የራሱን ፈቃድ የወሰደው ለጉዞ ማስተባበር ብቻ ነው። ሙሉመቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ እሷም ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች። ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው።

እሁድ ምሳ ከእነሱ ጋር ነው የምበላው፤ ሙሉመቤት ናት ያስለመደችኝ። ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ሊዲያ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ስልኳን አውጥታ አባቷ ፊት ዘረጋች።

«አባ፣ እማ ጡረታ ወጥታለች። በቃ፣ የሆነ ቦታ ውሰዳት።»

«የት ያልወሰድኳት አለ?» አለ ኃይለገብርኤል። «ግሸንን እንደ ጓዳዋ ነው የምታውቀው።»

«ከድስት ጋር ነዋ። ማለቴ፣ ለሁለታችሁ ብቻ። እየው፣ መቂን አልፎ ዝዋይ ሳይደረስ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ ወይን ያለማሉ፣ ላም አላቸው፣ እንግዳ ያሳድራሉ። ጠዋት ላም ሲታለብ ታያላችሁ፣ አይቡን እዚያው ይሠሩታል፣ ማታ የራሳቸውን ወይን ጠጅ ያቀርባሉ። ፋርም ስቴይ ነው የሚባለው። ካፕል ፓኬጅ አላቸው።»

«ምን አላቸው?»

«ለባልና ሚስት ተብሎ የተዘጋጀ።»

ኃይለገብርኤል መነጽሩን አደረገና ስልኩን ተመለከተ። «የማን ንግሥ ነው?»

«የምን ንግሥ?»

«ሰው ገጠር የሚሄደው ወይ ለንግሥ ነው፣ ወይ ለሰርግ ነው፣ ወይ ለለቅሶ ነው። ይኸኛው የትኛው ነው?»

«የትኛውም አይደለም አባ። ዝም ብሎ መዝናናት ነው።»

«ዝም ብሎ» አለ፤ ቃሉ ራሱ የሚያስጠይቅ ይመስል ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

ሙሉመቤት ከጓዳ ወጥ ይዛ ስትመጣ ሰምታ ነበር። «እኔ እሄዳለሁ» አለች። «አንተም ብትመጣ ደስ ይለኛል። አንዴ እንኳ ከጎኔ ተቀምጠህ እንሂድ። መንገድ ላይ ፊትህን አላውቀውም፤ የማውቀው ማጅራትህን ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እሷ ወጡን ጨመረችለት እንጂ አልሳቀችም።

ኃይለገብርኤል መጀመሪያ ተግደረደረ፤ ከዚያ ግን ነገሩ ጉዞ መሆኑ ገባው። ጉዞ ከሆነ ደግሞ የሱ ሥራ ነው። በማግስቱ መንገዱን ሊጠይቅ ሂባ ሱቅ ሄደ፤ እኔም ሳሙና ልገዛ እዚያው ነበርኩ። ሂባ የስልጤ ልጅ ናት፤ ያን አገር እስከ ዝዋይ ድረስ ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

«ጋሼ ኃይሌ፣ ልክ ሰምቼ ነው?» አለችው። «ገበሬ ቤት ለማደር ልትከፍሉ ነው?»

«ቁርስ አለው።»

«ወላሂ አባቴ ይሄን ቢሰማ ዛሬውኑ ሁለት አልጋ ያነጥፋል። እኛ አገር ኑ፤ ላም ማየት ብቻ አይደለም፣ ታልባላችሁ፣ ፍጉን ትዝቃላችሁ። ሲመሽ አባቴ መርቆ በነጻ ያሳድራችኋል።»

«ወይን ጠጅ አላችሁ?»

«እሱን እንኳ እኛ ቤት አያገኙም» ብላ ሳሙናዬን አቀበለችኝ። «ግን ጋሼ፣ ለእትዬ ሙሉ ደህና ነገር ይግዙላት። ያን ጥቁር ሹራብ ለብሳ ከሄደች ላሟም ‹ማን ሞተ?› ትላለች።»

እውነቷን ነው። ሙሉመቤት ለሁሉም መንገድ የምትለብሰው አንድ ጥቁር ሹራብ አላት። ለለቅሶ ይሆናል፣ ለብርድ ይሆናል፣ የድስት ጥላሸት አያሳይም። ሂባ ያለችው ሊዲያ ጆሮ ደረሰና ለእናቷ ቢጫ ሹራብ ገዛችላት። ሙሉመቤት ለካችው፤ መስታወት ፊት ትንሽ ቆመችና «ሕፃን መሰልኩ» ብላ አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ለጉዞው ቀን መሆኑ ነው።

ኃይለገብርኤል ዝግጅቱን እንደ ልማዱ በደንብ ያዘው። ጾም እንዳይገጥማቸው በዓለ ሃምሳን መረጠ፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አደረገውና «ረቡዕም ይበላል» እያለ ለሁላችን አስረዳ። ለእርሻው ባለቤት ለአቶ ሃብተአብ ደጋግሞ ደወለ። ውኃው የጉድጓድ ነው ወይ? ቤተ ክርስቲያን በቅርብ አለ? ጅብ ይመጣል? ሰውየው በትዕግሥት መለሰለት። በመጨረሻ «የግቢው በር ስፋቱ እንዴት ነው?» ሲለው ግን ሃብተአብ ግር አለው።

«በምንድን ነው የምትመጡት ጋሼ?»

«በመኪና» አለ ኃይለገብርኤል።

እኔም ያን ጊዜ ብጠረጥር ጥሩ ነበር። ሊዲያ ትንሽ መኪና ልከራይላችሁ ብትለው «የማላውቀው ሹፌር አይነዳኝም» ብሎ ሚልዮንን ነበር ያነጋገረው። ሚልዮን ያለው ደግሞ ቅጥቅጥ አውቶብስ ነው።

«ለሁለት ሰው?» አለ ሚልዮን። «ጋሽ ኃይሌ፣ ይሄን ሁሉ ወንበር ባዶ ይዤ ብሄድ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው አይረግመኝም?»

ኃይለገብርኤልም አሰበበት። ባዶ ወንበር እሱም አይወድም።

ከዚያ አስመላሽ መጣ። አስመላሽ የካዛንቺስ የድሮ ጎረቤታችን ነው፤ ሠፈሩ ሲፈርስ ከብዙዎቹ ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። አሁን የምንገናኘው ወይ ለቅሶ ላይ ነው፣ ወይ ቂርቆስ ቅዳሴ ላይ ነው፣ ወይ ጉዞ ላይ ነው። በእሁዱ ቅዳሴ ኃይለገብርኤልን አገኘውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ዝዋይ ልትሄዱ ነው አሉ። ወንበር አለ?»

ወንበር እያለ የለም ማለትን ኃይለገብርኤል አልተማረም። «አለ» አለ። አስመላሽም ለቀድሞ ጎረቤቶቹ ነገረ። አንዷ እህቷን ጨመረች፣ እህቷም የዕቁብ ጓደኛዋን። እንዲያውም ጥያቄ ሲበዛ ኃይለገብርኤል ፊቱ ፈካ፤ ሠፈሩ እንደገና የተሰበሰበ መሰለው። የማኅበሩን ድንኳን ከግምጃ ቤት አውጥቶ አናፈሰ። ለሙሉመቤት ብቻ አልነገራትም። ደብቆ አይደለም፤ ሊነገር የሚገባው ነገር አልመሰለውም። ሰው ጉዞ ሲሄድ ከሰው ጋር ነው የሚሄደው።

የነገረቻት ጀማነሽ ናት። ጀማነሽ በማኅበሩ የወጥ ነገር የሚታመንባት ሴት ናት። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እኔም ከሙሉመቤት ጋር ቆሜ ሳለ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች።

«ሙሉዬ፣ ለሰኞው ትልቁን ድስት ልያዝ ወይስ መካከለኛው ይበቃል?»

ሙሉመቤት አየቻት። የቤተ ክርስቲያኑን በር አየች፤ በሩ ጋ ኃይለገብርኤል ከአስመላሽ ጋር ቆሞ እጁን እያወናጨፈ የአውቶብስ መታጠፊያ ያሳያል።

«ትልቁን ያዢ» አለች።

ወደ ቤት አብረን ሄድን። ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ «አምኃ፣ አንተም አለህበት?» አለችኝ።

«ተመዝግበሃል አለኝ።»

«ጥሩ። እንግዲህ ጥቁሩን ሹራብ እለብሳለሁ።»

ያን ዕለት ምሳ ላይ ሊዲያ አባቷን ያዘችው። «አባ፣ ካፕል ማለት ሁለት ሰው ነው።»

«እኛማ ሁለት ነን» አለ ኃይለገብርኤል። «ሌሎቹ ጎረቤት ናቸው።»

«እማ ምን እንደጠየቀችህ ታስታውሳለህ?»

«ዝዋይ ውሰደኝ አለች። ይኸው እወስዳታለሁ።»

ሙሉመቤት ሽሮውን አማሰለች። ከጎኗ መቀመጡን አላነሳችም። አንድ ሰው አንዴ የለመነውን ሁለተኛ አይለምንም፤ እሷም እንደዚያ ናት።

ሰኞ ማለዳ ቂርቆስ በር ላይ ሁሉም ተገኘ። ከከተማው ዳር የመጡት ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል። ድንኳኑ ፖርቶመጋላ ላይ ወጣ፣ ትልቁ ድስት ከኋላ ገባ። ሙሉመቤት ጥቁር ሹራቧን ለብሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ዘንቢሉንም ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ኃይለገብርኤል ፊሽካውን ሁለቴ ነፍቶ እስከ ኋላ ድረስ ሊቆጣጠር መጣ።

«የድስቱ ክዳን ታስሯል?»

«ታስሯል።»

«አንቺስ ደህና ነሽ?»

«እኔም ታስሬያለሁ» አለችው። እሱ ድስቱን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ጋቢናው ተመለሰ።

መንገዱ ጥሩ ነበር። ደብረ ዘይት ላይ መዝሙር ተጀመረ፣ ሞጆ ላይ ቆሎ ዞረ። አለም ጤና ስንደርስ አስመላሽ ስለ አዲሱ ሠፈሩ ውኃ ሲያወራ አውቶብሱ በሙሉ ተንጫጫ። ኃይለገብርኤል ከፊት በግራ በቀኝ ያለውን ያስረዳል፤ የሚሰማው ሚልዮን ብቻ ነበር፣ እሱም መንገዱን ያውቀዋል።

እርሻው በር ላይ ስንደርስ በሩ ጠባብ ሆነ። ሚልዮን ሞተሩን አጥፍቶ «በእግር ነው» አለ። ኃይለገብርኤል ቀድሞ ገባ፤ እኛም ድስትና ብርድ ልብስ ተሸክመን ተከተልነው።

ግቢው ጽዱ ነው። ከቤቱ ፊት የወይን ሐረግ የተጎተተበት ዳስ አለ፤ ከሥሩ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በሳህን አይብ፣ ትኩስ ዳቦ፣ አንድ ጠርሙስ። ሁለት ወንበር። ሁለት ብርጭቆ። ሃብተአብና ባለቤቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው አጠገቡ ቆመዋል።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ሃብተአብ፤ ዓይኑ ግን ከኃይለገብርኤል አልፎ በሩ ላይ ነው። ሰው ይገባል፣ አሁንም ይገባል። «የሚያልፍ ማኅበር ነው?»

«አብረን ነን» አለ ኃይለገብርኤል። «አያስቡ፣ ድንኳን ይዘናል።»

ሃብተአብ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ወደ ቤት ገባች፤ ብርጭቆ ስታሰባስብ ይሰማል። የሻይ ብርጭቆም፣ ስኒም፣ ቆርቆሮ ኩባያም ይዛ ወጣች፤ አሁንም አልበቃም። ጀማነሽ ድስቷን ከዳሱ ሥር አሳርፋ ጉልቻ የሚሆን ድንጋይ በዓይኗ መፈለግ ጀመረች።

ሙሉመቤት የገባችው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ዘንቢሉን ይዛ። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች። የአንዱን ወንበር መደገፊያ በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው፤ አቧራ እንዳለው የምታይ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ዘንቢሉን መሬት አስቀምጣ «ቆይ፣ እኔ ላግዝሽ» ብላ ሴትየዋን ተከትላ ወደ ጓዳ ገባች።

ኃይለገብርኤል ይህን አየ። ፊሽካውን አፉ ጋ አድርሶ ነበር፤ ሰውን ለድንኳን ተከላ ሊያሰልፍ ነበር መሰለኝ። አልነፋውም። ጠረጴዛውን አየ፣ ሁለቱን ወንበሮች አየ፣ የጓዳውን በር አየ። ሁላችንም እሱን እንጠብቃለን፤ ትእዛዝ ለምደናል።

ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና በእኔ አንገት ላይ አጠለቀው።

«አምኃ፣ ሰዎቹን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ውሰድልኝ። ሚልዮን ያውቀዋል። ዓሣ ብሉ፤ ማታ እንደ ሁልጊዜው እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድንኳን ትከሉ። ረቡዕ መጥታችሁ ውሰዱን።»

«እኔ ፊሽካ ነፍቼ አላውቅም።»

«ይነፋል፤ ሌላ ነገር የለውም።»

አስመላሽ ብርድ ልብሱን እንደታቀፈ ቀረበ። «ኃይሌ፣ አንተ አትመጣም እንዴ?»

«ቀጠሮ አለኝ» አለ ኃይለገብርኤል።

«ከማን ጋር?»

በጓዳው በር ሙሉመቤት በሁለት እጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ኃይለገብርኤል በአገጩ ወደ እሷ አመለከተ። በዚያ ዕድሜው ጆሮው ቀላ።

«ድስቱስ?» አለች ጀማነሽ።

«ድስቱ ይሂድ።»

ጀማነሽ ድስቱን በነጠላዋ ጠቅልላ አነሳች። «በሉ ውጡ፤ ሙሽሮች ቤት ድንኳን የምንተክለው ለሰርጉ ነው እንጂ ለጫጉላው አይደለም» አለች። አውቶብሱ ጋ እስክንደርስ እልል አለች፤ ሙሉመቤት ከውስጥ «ተይ አንቺ ሴትዮ» ስትል ተሰማኝ። ዘንቢሉን ይዤው ወጣሁ፤ ዳቦው ለሰዉ ነው። ቦታው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሁለቱን ቀን ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ጋቢና ጥሩ ነው፤ ሐይቁም፣ ወፉም፣ መንገዱም ፊት ለፊት ይታያል። ከኋላ የሚወራው ግን አይሰማም። ፊሽካውን ለመሳፈሪያ ብነፋው ሰዉ ወረደ፣ ለመውረጃ ብነፋው አልተነሳም። ሚልዮን «ጋሽ አምኃ፣ በቃ በእጅዎ ይጥሩን» አለኝ።

ረቡዕ ስንመለስ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሙሉመቤት ቢጫውን ሹራብ ለብሳለች፤ ለካ ከሻንጣዋ ሥር ይዛው ኖሯል። ኃይለገብርኤል በኮባ የተጠቀለለ አይብና አንድ ጠርሙስ ይዟል። ሁለቱንም ፀሐይ አግኝቷቸዋል።

«ወይን ጠጁ እንዴት ነው?» አለ አስመላሽ በመስኮት።

«ጠጅ ይሻላል» አለ ኃይለገብርኤል።

«ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ዘፈነ» አለች ሙሉመቤት።

ሃብተአብ ሊሸኛቸው ወጥቶ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ጓደኛዎ ጨዋ ሰው ናቸው» አለኝ። «ትናንት ጠዋት ግን አላቢዎቹን አሰልፈው በተራ በተራ ሲያስገቡ እትዬ በእጅጌያቸው ጎትተው አመጧቸው። ከዚያ ወዲያ ወንበራቸውን አልለቀቁም።»

ከጋቢናው ወረድኩና ፊሽካውን ዘረጋሁለት። ኃይለገብርኤል አየው፣ እጁንም ሰንዘር አድርጎ ነበር። ከዚያ አልፎኝ በኋላው በር ገባ። ሙሉመቤት ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ቆሞ ዘንቢሉን አየ።

«እዚህ ሰው አለ?» አለ።

ያ ወንበር የማን እንደነበረ የማያውቅ እዚያ ውስጥ የለም። ሙሉመቤት በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ ወደ ፊት አየች፣ ወደ እኔ።

«ዘንቢሉን ወዲህ አቀብሉኝ» አልኩ።

ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አመጡልኝ፤ ከጀማነሽ ወደ አስመላሽ፣ ከአስመላሽ ወደ እኔ። ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀመጥኩት፤ ዳቦው ስላለቀ ቀሎ ነበር። ፊሽካውን ሁለቴ ነፋሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ትክክል ነበር። ሚልዮን ሞተሩን አስነሳ።

መቂ ሳንደርስ ከኋላ «ሚልዮን፣ ቀስ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ዝም በል አንተ፣ መንገዱን እይ» አለችው ሙሉመቤት።

ትንሽ ቆይተው ሁለቱ መሳቅ ጀመሩ። ስለምን እንደሚስቁ ከፊት አይሰማም። ዘንቢሉ መታጠፊያ ላይ እንዳይወድቅ በእጄ ያዝኩት።